ያልቆጠርኩት ጥርስ

ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው። ትዳር አልያዝኩም፣ ሥራውን ግን ይዤዋለሁ፤ አብነት ሰፈር ጋሽ በየነ ወርክሾፕ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ወርክሾፕ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው፤ አንድ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ፣ አንድ የብየዳ ማሽን፣ መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ አስፋልት የጠቆረ። ዛሬ ያ ቦታ የቱ ጋ እንደነበር አሳየን ብትሉኝ አልችልም። ፎቅ ቆሞበታል፤ ከፎቁ ሥር ሞባይል ይሸጣል። እኔም የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበቴ ሲፈቅድልኝ ብቻ እወርዳለሁ። ስወርድ ታዲያ እግሬ የሚወስደኝ ወደ አብነት ነው፤ እዚያ ምን እንደሚፈልግ እንጃ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ተክለ ሃይማኖት ልሳለም ብዬ ወጣሁ። የታክሲው ሰልፍ ረዝሞብኝ በእግሬ አዘገምኩ። አብነት ላይ አሮጌ ብረት የሚሸጥ አንድ ጎልማሳ አለ፤ በሩ ላይ የመኪና ራዲያተር፣ የወፍጮ ቀበቶ፣ የተሰበረ ምጣድ ሳይቀር ሰቅሏል። ከመሀላቸው አንዲት ባለ ሦስት ክንፍ ነገር በሽቦ ተንጠልጥላ አየሁ። ቆምኩ።

«ፋዘር፣ ምን ፈልገው ነው?»

«ያቺን አውርዳት።»

«የቬንትሌተር ናት። ሞተሯ የለም ግን።»

«ይቺ ቬንትሌተር ከሆነች እኔ ጳጳስ ነኝ። የጀልባ ናት።»

ሳቀብኝ። «አብነት ላይ ጀልባ! ለነገሩ ክረምት ሲገባ ሳያስፈልገን አይቀርም» አለና አውርዶ ሰጠኝ። መሀሏን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። ዓይኔ ቁጥር ከማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ጣቴ ግን ያነባል። አሥራ ሦስት ይላል። መልሼ ሰጠሁትና ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ትቼ ቤቴ ተመለስኩ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ «ጋሽ ታደሰ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም አልኳት። ምን ብዬ ልንገራት?

እንግዲህ ያን ጊዜ ሻይ ዐሥር ሳንቲም ነው፤ ዳቦ ያለው ሻይ ስሙኒ። እኔ የምለብሰው ሰማያዊ ቱታ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥቤው ሰኞ መልሼ አጠቁረዋለሁ። ለእሑድ አንዲት ቡኒ ሱሪ ነበረችኝ፣ ታችዋ ሰፊ፤ ፋሽኑ ካለፈ ቆይቷል፣ እኔ ግን ጨርቋ ደኅና ነው ብዬ ሙጭጭ አልኩባት። ሰው ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ። ነዳጅ በኩፖን ነው፣ ስኳር በቀበሌ ነው፣ እሑድ ጠዋት ስብሰባ አለ፤ ስለሱ ምንም አልልም፣ እኔ የማውቀው ስለ ብረት ነው። ከፊት ለፊታችን ያለው ሱቅ ራዲዮኑን ጮክ አድርጎ ይከፍትልናል፤ ክራር የሚመታ ነገር ሲመጣ ጋሽ በየነ ቶርኖውን ያቆማሉ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ መልሰው ያስነሳሉ። ሰንጋ ተራ ያኔ ሰንጋም ባይኖረው ሽታው ገና አልለቀቀውም ነበር። አሁን በዚያ ሳልፍ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ ፎቅ እቆጥርና ይጠፋብኛል።

ወርክሾፑ የወፍጮ ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር ይሠራል። የጀልባ ሞተርም ይመጣል። ባሕር በሌለበት አገር የጀልባ ሞተር አብነት ምን ያደርጋል እንዳትሉ። ዝዋይ አለ፣ አዋሳ አለ፣ ጣና አለ፤ እዚያ የተሰበረ ሁሉ በአውቶቡስ ጣራ ተጭኖ አውቶቡስ ተራ ይወርዳል፣ ከዚያ በወዛደር ትከሻ ወደ እኛ። እኔ የዚያ የጀልባ ሞተር ዋና ሠሪ ነበርኩ፤ ሐይቅ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ዋና አልችልም፣ ውሃ ከጉልበቴ በላይ ከሆነ እፈራለሁ። ምን ያስፈልገኛል፣ ብረቱን አይደል የምሠራው እል ነበር።

ያን ዓመት ደበላ የሚባሉ ሰው ሞተራቸውን ይዘው መጡ። ዕድሜያቸው አምሳን አልፏል፣ ቀጠን ያሉ፣ እግራቸው ላይ በረባሶ፣ ትከሻቸው ላይ በዝናብና በፀሐይ ያለቀ ካፖርት። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካለ ደሴት ነው የመጡት። የደሴቱ ሰው አዋጥቶ የገዛው አንድ ሞተር ነው፣ የሚነዱት እሳቸው ናቸው። እህል የሚያወጣው፣ ገበያተኛ የሚያመላልሰው፣ በሽተኛ ወደ ከተማ የሚያወርደው ያ አንድ ሞተር ነው። ታዲያ ውሃው ጎድሎ ድንጋይ መታባቸውና የታችኛው እግሩ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባው፣ ጥርሱ ተፈጨ። በአቡጀዲ ጠቅልለውት እንደ ሬሳ አስተኝተው አመጡልኝ።

ይኼን ሳላስረዳ አልፌ መሄድ አልችልም። የጀልባ ሞተር ላይኛው ራሱ በፍጥነት ይዞራል፤ ያን ፍጥነት በቀጥታ ለክንፉ ብትሰጠው ውሃውን አረፋ ብቻ ያደርገዋል። ስለዚህ ታች ሁለት ባለ ጥርስ የብረት ክቦች አሉ፣ ራሳቸውንም ጥርስ እንላቸዋለን፤ ትንሿ የሞተሩን ትቀበላለች፣ ትልቁ ክንፉን ያዞራል። የደበላ ሞተር ትንሿ አሥራ ሦስት ጥርስ፣ ትልቁ ሃያ ሰባት ነበር። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ክንፉ አንድ ጊዜ፣ ከትንሽ ጋር። ክንፉን ወረቀቱ ፕሮፔለር ይለዋል፣ እኛ ማራገቢያ እንለዋለን። እሱም ቁጥር አለው፤ አንድ ጊዜ ሲዞር ጀልባውን ስንት ያህል ወደፊት ይገፋል የሚለው ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ክንፉ ጠመም ይላል፣ ብዙ ውሃ ያፍሳል፣ ጉልበትም ይጠይቃል። ዝቅ ካለ ለሞተሩ ገር ነው። የደበላ ማራገቢያ ቁጥርም አሥራ ሦስት ነበር። ጥርሱና ክንፉ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱን ከቀየርክ ሌላው ይስማማ እንደሆነ መጠየቅ አለብህ። ይኼን ሁሉ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብል ቀለል ባለኝ።

አዲስ ጥርስ ከውጭ ማስመጣት ያኔ የማይታሰብ ነው። ጓሮ ውስጥ ራሱ የሞተ፣ እግሩ ግን ደኅና የሆነ ሌላ የጀልባ ሞተር ነበረን። አሠራራችን እንዲህ ነው፤ ከሞተው ነቅለህ ለታመመው ትተክላለህ። መፈክራችንም «ብሎኑ ከገጠመ ሥራው አልቋል» የሚል ነበር። የሞተውን እግር ነቅዬ ተከልኩ፣ የደበላን ማራገቢያ ጫፉ ላይ መለስኩ፤ ገጠመልኝ። ስድስቱም ብሎን እንደ ልብስ ቁልፍ ጥርቅ ጥርቅ አለ። ትንሿን ጥርስ ቆጠርኩ፣ አሥራ ሦስት። ያው ናት። ትልቁ በግሪስ ተለውሷል፣ ሳየው እኩያው ነው፣ ደግሞ ምሳ ሰዓት ደርሷል።

ጋሽ በየነ ከቶርኖው ቀና ሳይሉ «ቆጠርከው?» አሉኝ።

«ቆጥሬዋለሁ።»

«ሁለቱንም?»

«ጋሽ በየነ፣ እኔ ዛሬ ነው እንዴ ሥራ የጀመርኩት?» አልኩ። መልስ አይደለም ይኼ። እሳቸው ግን መልስ አድርገው ወሰዱት።

ከዚያ በርሜሉ አለ። የጀልባ ሞተር የምንሞክረው በበርሜል ነው፤ ከቦኖ ውሃ ቀድተን ሞልተን፣ ሞተሩን አፉ ላይ በእንጨት አስረን እናስነሳዋለን። የሰፈሩ ሰው ሊያይ ይወጣል፤ ነገሩ እንደ ሰርከስ ነው። ሞተሩ አገሣ፣ ውሃው ቆርቆሮው ላይ ተረጨ፣ የጎረቤታችን የእትዬ አልማዝ ልብስ እስከ ገመዱ ጫፍ ራሰ። «አንተ ታደሰ! ያጠብኩትን ደግመህ ልታጥብልኝ ነው?» ብለው ጮኹ። «ያለቀለቅሁልዎት ነው፣ ያመስግኑኝ!» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ደበላም ሳቁ፣ እጄንም ሊስሙ ምንም አልቀራቸው። በርሜል ታዲያ ምን ይናገራል? በርሜል ውስጥ ውሃው ከክንፉ ጋር አብሮ ይዞራል። የሚገፋ የለ፣ የሚጫን የለ። በርሜል እሺ የማይለው ሞተር የለም።

ወር ሳይሞላ ደበላ ተመለሱ። ሞተሩን አላመጡም፣ ራሳቸው ናቸው፤ በሣር የተጠቀለለ ቆሮሶ ዓሣ በእጃቸው ይዘው።

«ልጄ፣ ባዶውን ሲሆን ይበራል። ሰው ሲጫን ይተኛል።»

«ስንት ሰው ነው የሚጭኑት?»

«እንደ ዱሮው ነው፤ ዘጠኝ፣ ዐሥር።»

«ሃያ ይጭኑና ዐሥር ይሉኛል።»

«እኔ ካህን አይደለሁም፤ ውሸታምም ግን አይደለሁም። ያቃስታል እልሃለሁ። ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና ነው የሚያቃስተው።»

«ጋሽ ደበላ፣ ውሃ ዳገት የለውም!» አልኳቸው። ወርክሾፑ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። ካርቡራቶሩን ይጠቡት፣ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ይቀይሩ፣ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት ይሆናል አልኩና ሸኘኋቸው። ዓሣውን ጠብሰን በላን። ያ ዓሣ ጣፋጭ ነበር፣ እግዜር ይይልኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ፊታቸው ሌላ ሆኗል። ያልኳቸውን ሁሉ አድርገዋል፤ ካንዴላው አዲስ ነው፣ ቤንዚኑ በጨርቅ ተጣርቷል። ያው ነው። ለኔ ሳይሆን ለጋሽ በየነ ነው የተናገሩት። «አንዲት ልጅ አለችኝ፣ አስካለ ትባላለች። የመጀመሪያዋ ነው፣ ወሯ ገብቷል። እግሯ አብጧል፣ ሐኪሙ ምጥ ሲጀምርሽ እዚያው እቆያለሁ እንዳትዪ ብሏታል። ከተማ የምናስቀምጣት ዘመድ የለንም። እኔ የምፈራው ይኼን ነው እንጂ ገበያተኛውስ ቢዘገይ ይዘገይ» አሉ።

ጋሽ በየነ ወደኔ ዞሩ። «ነገ ከሳቸው ጋር ትሄዳለህ» አሉኝ።

«እኔ ሐይቅ ላይ ምን እሠራለሁ?»

«ጆሮህን ይዘህ ትሄዳለህ። ደግሞ ያቺን ባለ አሥራ አንዷን ማራገቢያ ያዛት፤ ክንፏ ገር ነው፣ ለማንኛውም።»

ባለ አሥራ አንዷ መደርደሪያው ላይ ናት፣ ከቀለም ቆርቆሮው አጠገብ። እጄን ብዘረጋ እደርስባታለሁ። እሷን መያዝ ግን ተሳስቻለሁ ማለት ነው መሰለኝ። «የጤነኛ ሞተር ማራገቢያ አይቀየርም፤ ለምን ብረት ተሸክሜ እንገላታለሁ?» አልኩ። ጋሽ በየነ ትከሻቸውን ሰበቁና ወደ ቶርኖአቸው ተመለሱ። እሳቸውም ደክሟቸው ነበር፤ ከኔ ጋር መከራከር ከግንብ ጋር ነው ይሉ ነበር።

በማለዳ ከአውቶቡስ ተራ ተነሳን። ትኬቱ አራት ብር ከምናምን ነበር መሰለኝ። መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ መጣ፤ ቱታዬን ከወገቤ በላይ ፈትቼ አሰርኩት። ሐይቁን ሳየው፣ ምን ልበላችሁ፣ ሰማይ መሬት ላይ የወደቀ ነው የመሰለኝ። ደበላ ጀልባዋን አስነሱ፤ እኛ ሁለት ሰዎችና አንድ ጆንያ ጨው ብቻ ነን። ሞተሩ ዘፈነ። ጀልባዋ አፍንጫዋን አንስታ በረረች። እኔ መሀል ላይ ሁለቱን ጠርዝ ጨብጬ ተቀምጫለሁ፣ ፈርቻለሁ፣ ግን ደስ ብሎኛል። ዘወር ብዬ «ይኸው! የቱ ጋ ነው የሚያቃስተው?» ብዬ ጮኽኩባቸው። ደበላ ፊት ፊቱን ያያሉ። አንድ ሰዓት ከሩብ ሳይሞላን ደሴቱ ደረስን።

ገና ከጀልባው ሳልወርድ ጩኸቱን ሰማሁ። «ማርያም! ማርያም!» የሚለው የሴቶች ድምፅ ከላይ ካለው ቤት ይመጣል። አስካለ ሌሊቱን ነው የጀመራት። ደበላ ካፖርታቸውን ሜዳ ላይ ጥለው ዳገቱን ሮጡ። እኔ ዳር ላይ ቆምኩ። የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ፣ ምን ላድርግበት? ብዙም ሳይቆይ በአልጋ ተሸክመዋት ወረዱ። አራት ወንዶች፣ አንዱ ባሏ ነው፤ የደበላ እኅት አሮጊቷ አክስቷና አንዲት አዋላጅ አብረዋት አሉ። አልጋውን ጀልባዋ ውስጥ አስገቡ። አስካለ ሃያ ዓመት አይሞላትም፤ ላብ ፊቷ ላይ ፀጉሯን አጣብቆታል። አየችኝ። ማን ነው ይኼ አላለችም፣ አየችኝ ብቻ። እኔም ገባሁ። ዘጠነኛው ሰው ነኝ።

ዝዋይ ከቀትር በኋላ ነፋስ እንዳለው አላውቅም ነበር። እነሱ ያውቃሉ፣ ግን ምርጫ የላቸውም። ከዳርቻው እንደራቅን ማዕበሉ ጀመረ። ደበላ ጋዙን ሰጡት። ሞተሩ ሊነሳ አለና አልተነሳም። ተኛ። እንዳሉት ተኛ። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ወፍራም፣ የታፈነ፣ እንጥፍጣፊ ትንፋሽ እንደቀረው ሰው። ጀልባዋ አፍንጫዋን ማንሳት አቅቷት ውሃውን በደረቷ እየገፋች ትሄዳለች። አብነት መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ዳገት የያዘ የጭነት መኪና ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ሾፌሩን ስንት ጊዜ ሰድቤአለሁ! ውሃ ዳገት አለው ለካ። ዳገቱ ጭነቱ ነው።

ሽፋኑን ከፈትኩ። ካንዴላው ደኅና፣ ካርቡራቶሩ ንጹሕ። ደበላ ያልኳቸውን ሁሉ በትክክል አድርገዋል። እጄን ሞተሩ ላይ ሳደርግ አቃጠለኝ። ጋዙን ብናበዛው ይነድና ነክሶ ከነጭራሹ ይቆማል፤ ብንቀንሰው ነፋሱ ወደኋላ ይገፋናል። ያኔ ገባኝ። ትልቁን ጥርስ አልቆጠርኩትም፤ ከሃያ ሰባት የሚያንስ መሆን አለበት። ክንፉ ከሚገባው በላይ ይዞራል፣ ከሚችለው በላይ ውሃ ያፍሳል፣ ሞተሩ አይችለውም። መድኃኒቱንም አወቅሁ። አብነት መደርደሪያ ላይ፣ ከቀለም ቆርቆሮው አጠገብ ናት። ባውቀውስ? ሐይቅ መሀል እያወቁ መቀመጥ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ካለማወቅ የባሰ ነው።

ደበላ መሪውን እንደያዙ «ልጄ፣ ምን ይሻላል?» አሉኝ። ድምፃቸው የለመነ ድምፅ ነው።

«ጥርሱ ነው» አልኳቸው። «አልቆጠርኩትም። ቆጥሬዋለሁ ብያችኋለሁ፣ አልቆጠርኩትም።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ገፍትረው ውሃ ውስጥ ቢጥሉኝም ደስ ባለኝ፤ አንድ ሰው ይቀንስ ነበር። እውነቴን ነው፣ አስቤዋለሁ። አራቱ ወንዶች የመጡት ከተማው ዳር ላይ አልጋ ለመሸከም ነው፤ ሴቶቹ ለሷ ናቸው፤ ያለ ሥራ የተጫንኩት እኔ ብቻ ነኝ። ደበላ ግን አንዲት የዘይት ጣሳ በእግራቸው ወደኔ ገፉና «አሁን እሱን ተወው። ውሃ ቅዳ» አሉኝ።

ቀዳሁ። ማዕበሉ ያስገባል፣ እኔ እቀዳለሁ። ባሏና አንዱ ሰውዬ ሁለት መቅዘፊያ ይዘው ያግዛሉ፤ የባሏ መዳፍ ደምቷል። አዋላጇ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ደረስን፣ ደረስን» ትላለች፤ ከተማው ግን እንደ ቁንጫ ሆኖ ከፊታችን ቆሟል፣ አይቀርብም። አስካለ መጀመሪያ ማርያምን፣ ከዚያ አባቷን፣ ከዚያ ማንንም መጥራት ተወች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ «ለምንድን ነው የማይሄደው?» አለች። ለማንም አይደለም የጠየቀችው። መልሱ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው፤ እኔም ውሃ ቀዳሁ።

ሕፃኑ ጀልባዋ ላይ ተወለደ። ወንድ ነው። አላለቀሰም። አዋላጇ ገለበጠችው፣ ጀርባውን መታችው፣ አፉን ጠረገችው፣ እፍ አለችበት። ሞተሩ ያቃስታል። እሱ አላለቀሰም። አክስቲቱ ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለችውና ጡቷ ላይ አስጠጋችው፣ ይሞቀው ይመስል። ዳርቻ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጅቶብናል። አስካለን በሩጫ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ደሟ ብዙ ፈስሷል፤ ተረፈች ግን። እሷ ተረፈች።

ደበላን ጤና ጣቢያው በር ላይ ያዝኳቸው። «ይስደቡኝ እንጂ» አልኳቸው። «የእግዜር ነው» አሉኝ። «የእግዜር አይደለም፣ የኔ ነው። ሃያ አራት ነው፣ ሃያ ሰባት አይደለም» አልኩ፤ ገና ሳልከፍተው ከድምፁ አውቄዋለሁ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «አንተም ልጅ ነህ፣ ሂድ ተኛ» አሉኝ። ያ ነው የጎዳኝ። ሰው ሲሰድበኝ መልስ አላጣም፤ ይኼ ግን መልስ የለውም። አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፣ አሁንም የለውም።

ከዚያ በኋላ ወርክሾፕ ውስጥ ቆጣሪው ተባልኩ። ያልቆጠርኩት ነገር አይወጣም፤ የወፍጮም ይሁን የፓምፕ፣ ጮክ ብዬ ነው የምቆጥረው፣ ደንበኛ ይስቃል። ለጋሽ በየነ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አልተቆጡም፤ ቶርኖውን አጥፍተው ያን ቀን ሙሉ መልሰው አላስነሱትም። ደበላ ከሞቱ ብዙ ዓመታቸው ነው ብለው ከዝዋይ የመጡ ሰዎች ነገሩኝ። አስካለ ሌላ ወልዳለች የሚልም ሰምቻለሁ፤ ልሂድና ልያት ብዬ ስንት ጊዜ ተነሳሁ፣ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አግኝቼያትስ ምን እላታለሁ? አሁን ልጆቻችን ሞተር ቢበላሽ በስልካቸው ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ ጥርሱ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ማራገቢያ እንደሚስማማው ይነግራቸዋል። ደግ ነው። ግን እሱም ቢሆን ቁጥሩን ሰው ነው የሚነግረው። ሰው ቆጥሬአለሁ ካለ እሱም ያምናል፣ ልክ እንደ ጋሽ በየነ።

ሕፃኑ በሞተ ማግስት ጠዋት ምን እንዳደረግሁ ልናገርና ላብቃ። ሕፃኑን ወደ ደሴቱ መልሰው ሊቀብሩት ነው፤ ክርስትና ስላልተነሳ ቄስ አይፈታውም፣ ግን አገሩ ይግባ አሉ። የሚወስደው ያው ጀልባ ነው፣ ያው ሞተር። አዲስ አበባ ሄጄ ባለ አሥራ አንዷን ላምጣ ብል ሁለት ቀን ነው። ገና ሲነጋ ዳርቻው ላይ የሞተሩን እግር ፈታሁት፤ ግሪሱን በቱታዬ ጠርጌ ትልቁን ጥርስ ቆጠርኩ። ሃያ አራት። ደገምኩ፣ ሃያ አራት። መልሼ ገጠምኩትና ማራገቢያውን አውጥቼ በሁለት ጉልበቴ መሀል ያዝኩት፤ የሚያፍሰው ውሃ እንዲያንስ፣ ለሞተሩም እንዲቀልለው በሞረድ ጫፍ ጫፉን መብላት ጀመርኩ። አንዱ ክንፍ ካንዱ ከበለጠ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ በሣር ስንጥር እየለካሁ፣ ከአንዱ ትንሽ፣ ከሌላው ትንሽ። አክስቲቱ አጠገቤ ድንጋይ ላይ የታቀፈችውን ይዛ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ቶሎ በል አላለችኝም። ሦስት ሰዓት ያህል ሞረድኩ።

አራቱ ሰዎች ከነአልጋው ገቡ፣ አክስቲቱ ገባች፣ ደበላ መሪውን ያዙ። አዋላጇ ጤና ጣቢያው ቀርታ አስካለን ታስታምማለች። «ና ግባ» አሉኝ። አልገባም አልኩ፤ ጭነት ነኝ። ሞተሩን አስነሱት። ሄዱ። ከሩቅ አዳመጥኩት፤ ጥርት ያለ ነው፣ አያቃስትም። ድምፁ እስኪጠፋ ቆምኩ። ከዚያ ተንበርክኬ የሞረድኩትን የብረት ብናኝ ከአሸዋው ላይ በጣቴ መልቀም ያዝኩ፤ እዚያ ሰው የሚሄደው በባዶ እግሩ ነው።